የእትዬ ማሚቱ የቁም ቀብር

የይርጋጨፌ ሰው እንደማንኛውም ሰው ሞትን ይፈራል፤ ከሞት ይልቅ ግን የእትዬ ማሚቱን ሌባ ጣት ይፈራ ነበር። ሰው ሞቶ፣ ተቀብሮ፣ ለቅሶው ሲያበቃ የእድሩ ድስትና ሳህን ወደ እቃ ቤቱ ይመለሳል። እዚያ በሩ ላይ ማሚቱ ቆማለች። የእቃ ቤቱ ቁልፍ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ ታስሯል። ድስቱን ትቀበልና ትገለብጠዋለች፤ ሌባ ጣቷን ከሥሩ አሳልፋ ወደ ፀሐይ ታነሳዋለች። ጥላሸት ከነካት የምትናገረው አንድ ቃል ነው። "ይመለስ!"

ሐዘንተኛዋ ድምፅዋ ተዘግቶ፣ ዓይኗ አብጦ ቢሆን ለማሚቱ ያው ነው። "ለነፍሱ ቄስ አለለት፤ ለድስቱ ግን ያለሁት እኔ ነኝ" ትላለች። አንድ ጊዜ አንዱ ደፋር ልጁን ሊድር ነውና ትልልቆቹን ድስቶች እንድታውሰው ሊጠይቃት መጣ። ማሚቱ ከእግር እስከ ራሱ አየችውና፣ "ሠርጉ ላይ ማን ሞተ?" አለችው። ሰውዬው ድስት ከዲላ ተከራይቶ ዳረ።

ክፉ ሴት ነበረች እንዳይባል ነገሩ ሌላ ነው። ማሚቱ የዚህ አገር ተወላጅ አይደለችም። ደርግ ሊወድቅ ሲንገዳገድ ነው ከጉራጌ አገር የሰብስቤ ሙሽራ ሆና የመጣችው። ሰብስቤ በመናኸሪያው አጠገብ ሳሙና፣ ላምባና ጨው የሚሸጥ፣ ከእሷ በብዙ የሚበልጥ፣ ዝምተኛ ነጋዴ ነበር። ልጅ አልሰጣቸውም። ከዚያ አንድ ክረምት ሰብስቤ ሱቁ ውስጥ ሚዛን እንደያዘ ወደቀና ቀረ። ማሚቱ ዘመድ በሌለበት ከተማ፣ ሳሙናና ላምባ መሐል ብቻዋን ቆመች።

ያኔ ነው እድሩ የመጣው። ጥሩምባው ተነፋ፤ ድንኳኑ ተተከለ፤ ስማቸውን እንኳ በቅጡ የማታውቃቸው ሴቶች ጓዳዋ ገብተው ንፍሮ ቀቀሉ። በሦስተኛው ቀን፣ እንደ ልማዱ፣ የእድሩ ሰብሳቢ ሐዘንተኛውን "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ብሎ አሰናብቶ ድንኳኑን ሊያስነሳ ሲል አንድ ሽማግሌ ተነሱ። "የሟች ወንድም ከአገሩ ተነስቷል፤ መንገዱ በጎርፍ ተቆርጦ ነው። ዘመድ መንገድ ላይ እያለ ድንኳን አይነቀልም" አሉ። ድንኳኑ ዝናብ እየጠጣ ቆየ። በመጨረሻም የሰብስቤ ወንድም እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ደረሰና እድንኳኑ ደጃፍ ላይ በግንባሩ ተደፋ። የተቀመጠው ሕዝብ በሙሉ ተነስቶ እንደ አዲስ አለቀሰለት።

ማሚቱ ያን ዕለት እድሩን አገባች ማለት ይቻላል። ሌላ ባል ከዚያ ወዲያ አላማራትም። "ልጅ ያለው ልጁ ይቀብረዋል፤ እኔን የሚቀብረኝ እድሬ ነው" ትል ነበር። የየወሩን መዋጮ ከሁሉ ቀድማ ትከፍላለች። ቁልፉን ከተረከበች ወዲህ ደግሞ የሽማግሌውን ቃል የራሷ አድርጋ በየለቅሶው ታስከብራለች። ወንዶቹ ወደ ቡና ሥራቸው ቸኩለው ካስማ ሊነቅሉ ሲሉ ትመጣና ካስማው ላይ ቁጭ ትላለች። "ዘመድ መንገድ ላይ ነው!" ካለች አለቀ። ለራሷ ንፍሮ የሚቀቀልበትን ድስት እንኳ መርጣለች፤ ሴቶቹ "እናትየዋ" የሚሉትን፣ ሁለት ሰው የሚሸከመውን ትልቁን። እሱን ለብቻው በአመድ ትፈትገዋለች፤ ፊት ይታይበታል። ሰው ሠርጉን ሲያልም ማሚቱ ቀብሯን ታልም ነበር።

በሁለት ሺህ አሥር ዓመተ ምሕረት፣ ሰኔ ሲገባ፣ ከዞኑ ወሰን ማዶ ግጭት ተነሳ። ማን ጀመረው ለሚለው ጥያቄ በየጠጅ ቤቱ መልስ የሚሰጥ አይጠፋም፤ እኔ ግን ያየሁት አይሱዙ ላይ እንደ እንጨት ተደራርቦ የመጣውን ሰው ነው። ቡናውን፣ እንሰቱን፣ ላሙን፣ አንዳንዱም ሬሳውን ጥሎ የመጣ ነው። አይሱዙውን ከሚያመላልሱት አንዱ ገመቹ የሚባል የጉጂ ልጅ ነበር። ሚስቱ ጌዴኦ ናት። "እናንተ ተጣሉ፤ እኔ አማቶቼን ላመላልስ" እያለ ያገኘውን ሁሉ አማቴ ነው ብሎ ይጭናል። በዚያ ሰሞን ገመቹን የሚያህል ባለ ብዙ አማት በአገሩ አልነበረም።

ሕዝቡ ትምህርት ቤቱን ሞላው። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከማሚቱ ቤት ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ነው። ክፍሎቹ ሞልተው የተረፈው በየጣሪያው ጠርዝ ሥር ቆመ፤ የይርጋጨፌ ክረምት ደግሞ ቆሞ ለሚያድር አይራራም። የከተማው ሰው ዝም አላለም። ቆጮ የያዘ፣ ጎመን የያዘ፣ ቦቆሎ በኩንታል ያስጫነ መጣ። ቅመም ነጋዴዋ ሀዲጃ፣ የማሚቱ የዕድሜ ልክ ጎረቤት፣ መጋዘኗን ለአራስ ሴቶች ለቃ ራሷ ሱቋ ውስጥ በርበሬ ጆንያ ላይ ስትተኛ ሰነበተች፤ ስታስነጥስ አገር ይሰማል። እህሉስ ተገኘ። የጠፋው ድስት ነው። ያን ሁሉ ሕዝብ በሽሮ ድስት ማን ያበላዋል? መጠለያም አልተገኘም።

ሀዲጃ ወደ ማሚቱ መጣች።

"ቁልፉን ስጪኝ" አለቻት ሰላምታ ሳትሰጥ።

"የምን ቁልፍ?"

"የድስቱን ነዋ! ድንኳኑንም። ሕፃናት ዝናብ ላይ ናቸው፣ አታይም?"

"አያለሁ። ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም፤ አልሐምዱሊላህ።"

"እንግዲያ አይወጣም። እድር የሞት ነው።"

"እና እስኪሞቱ እንጠብቅ?"

"ቢሞቱም አባል አይደሉም" አለች ማሚቱ።

ቃሉ ከወጣ በኋላ ለራሷም ቀፈፋት። ሀዲጃ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ካወለቀችበት አንስታ አጠለቀችና ሄደች። ከሀዲጃ አፍ ስድብ ሲጠፋ ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው።

በማግስቱ እድሩ ለስብሰባ ተጠራ። ሰብሳቢው አቶ ደመላሽ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ ፍርድ ቤት ውስጥ በመዝገብ ቤት ያሳለፉ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም ቤታቸው ውስጥ "አቤቱታሽን በአጭሩ" እያሉ ሚስታቸውን የሚያዳምጡ ሰው። አንዳንዱ እቃው ይውጣ አለ። ደመላሽ መነጽራቸውን አስተካከሉ። "ዛሬ ለተፈናቃይ ካወጣን ነገ ለሠርግ፣ ከነገ ወዲያ ለምረቃ እንጠየቃለን። የእድሩ ንብረት የሚወጣው አባል ወይም የአባል ቤተሰብ ሲሞት ብቻ ነው። ይህን ደግሞ ከማንም በላይ የምታስከብርልን እትዬ ማሚቱ ነች" ብለው በእጃቸው አመለከቷት። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። በሰፈሩበት ቁና መሰፈር አይቀርም። ስብሰባው በተፈናቃዮቹ ጉዳይ የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን ገልጾ፣ በጸሎት ተዘግቶ፣ ዝናቡ ሳይጠነክር ወደየቤቱ ተበተነ።

ማሚቱ ወደ ቤቷ አልገባችም። ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ትምህርት ቤቱ ተሻገረች። በአንዱ ክፍል ጥግ፣ ጠብታ በሚወርድበት ጠርዝ ሥር፣ አንዲት ቀጭን ሴት በዘይት ጣሳ ቦቆሎ ትቀቅላለች። አልጋነሽ ትባላለች። ልጆች ከበዋታል። ጣሳው ትንሽ ስለሆነ በየተራ ነው የሚበሉት፤ የመጨረሻው ሲደርሰው የመጀመሪያው ደግሞ ርቦታል፤ እንደ ገና ከእሱ ይጀመራል። ማሚቱ ቆማ አየች። ልጆቹ ሲጨርሱ አልጋነሽ ጣሳዋን ይዛ ዝናቡ ውስጥ ወጣች፤ አሸዋና ቅጠል ይዛ ከሥሩ ትፈትገው ጀመር።

"ምን ታደርጊያለሽ? ትታመሚያለሽ፣ ግቢ እንጂ!" አለቻት ማሚቱ።

"ጣሳው የኔ አይደለም። ከዚያ ቤት ለምኜ ነው። የሰው እቃ ጥቁር አይመለስም" አለች አልጋነሽ ቀና ሳትል።

ማሚቱ እጇን ዘረጋች። አልጋነሽ ግራ እየተጋባች ጣሳውን ሰጠቻት። ማሚቱ ገለበጠችውና ሌባ ጣቷን ከሥሩ አሳለፈች፤ ጣቷንም አየችው። ንጹሕ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ቤት ያላቸውን፣ ውኃ ያላቸውን፣ ሳሙና የሚገዙትን ሰዎች "ይመለስ" ስትል ኖራ፣ ቤት የሌላት ሴት እጅ ላይ ንጹሕ ጣሳ አገኘች። አፈረች። እንዲያ ያለ እፍረት ከዚያ በፊት ተሰምቷት አያውቅም። ጣሳውን መለሰችላትና በዚያው ዝናብ ወደ ደመላሽ ቤት ሄደች።

"ጋሽ ደመላሽ፣ ቀብሬን ስጡኝ" አለች በሩ ላይ እንደቆመች።

ደመላሽ መነጽራቸውን አወለቁ። "ምን አሉኝ?"

"ቀብሬን። ድንኳኔን፣ ድስቴን፣ አግዳሚዬን፣ ንፍሮዬን። ዛሬ እፈልገዋለሁ።"

"እትዬ ማሚቱ፣ አልሞቱም እኮ!"

"የቁም ተዝካር ማውጣት ድሮም ያለ ነገር ነው። ልጅ የሌለው ሰው ከሞትኩ በኋላ ማን ያስታውሰኛል ብሎ በቁሙ ተዝካሩን ያበላ የለም ወይ? እኔም ልጅ የለኝም። ተዝካሬን በቁሜ ላብላ ስል ነውር ነው?"

"ተዝካር ሌላ፣ ቀብር ሌላ።"

"አስከሬኑ ይቅርባችሁ፤ ሌላውን ስጡኝ።"

ደመላሽ መዝገብ ቤት ውስጥ ብዙ አቤቱታ አይተዋል፤ የራሱን ቀብር በቅድሚያ የጠየቀ ባለጉዳይ ግን ገጥሟቸው አያውቅም። ቢያገላብጡት ቢያገላብጡት የሚከለክል ነገር አጡ። በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እሺ። ግን ሁለተኛ የለም። አንድ ሰው አንድ ቀብር ነው። በእውነት በሚሞቱ ጊዜ ጥሩምባ አይነፋም፣ ድንኳን አይተከልም፣ እድርተኛ አይወጣም። ገብቶዎታል?" አሉ።

ማሚቱ ፈራች። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ብቻዋን ስትሞት፣ በሩ ተዘግቶ፣ ጎረቤት በሬሳዋ ሽታ ሲያውቅ፣ አራት ወዶ ገብ ተሸክሞ ሲወስዳት ታያት። የፈራችው ሞትን አይደለም፤ ሞትንማ ለምዳዋለች፤ ደንበኛዋ ነው። የፈራችው ለቅሶ አልባ መሄድን ነው።

"ይሁን" አለች።

"ደግሞም ከአሁን ጀምሮ በእድሩ ዘንድ ሟች ነዎት። ሟች በስብሰባ አይናገርም። ቁልፍም አይዝም።"

ይህን አላሰበችውም ነበር። ቁልፉን ከማተቧ ላይ እስክትፈታ ደመላሽ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ጠበቋት።

ጥሩምባ ነፊው ፈለቀ ትእዛዙ ሲደርሰው ሦስት ጊዜ አስደገመ። ከዚያ በየመንደሩ እየዞረ ነፋ፤ ነገሩን እንዴት እንደሚለው ግን ቸገረው። "የእድር አባላት ሆይ! ስሙ! ወይዘሮ ማሚቱ... ደኅና ናቸው! ቀብራቸው ግን ዛሬ ነው! የቀረ ይቀጣል!" የመጀመሪያውን ብቻ የሰሙ ደስ አላቸው፤ የመሐሉን ብቻ የሰሙ እየጮኹ መጡ። አንዲት ሴት ደረቷን እየደቃች ስትደርስ ማሚቱን የማገዶ ሸክም ተሸክማ መንገድ ስትሻገር አገኘቻትና እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠች። "አይዞሽ፣ አልቅሺ፤ ለዚያ ነው የተጠራሽው። ግን እያለቀስሽ ውኃ ቅጂ" አለቻት ማሚቱ።

የማሚቱ ግቢ ጠባብ ነውና ድንኳኑ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ተተከለ። ከዚያ ወዲያ የእድሩ ነገር የታወቀ ነው፤ ጥሩምባ ከተነፋ ሁሉም እንደ ሰዓት ይንቀሳቀሳል። እንጨት የሚፈልጡ ወንዶች፣ ተረኛ ወጥ ሠሪዎች፣ ውኃ ቀጂዎች፣ አግዳሚ ተሸካሚዎች ከየቤታቸው ወጡ። ሁለት ቀን ሙሉ ከንፈር ሲመጥ የነበረ ሰው ሁሉ ቅጣት አለ ሲባል እግር አወጣ። ርኅራኄ የሌለው ሕዝብ ነበር ማለት አይደለም፤ ርኅራኄው የት እንደሚቆም፣ ምን እንደሚይዝ የሚነግረው አጥቶ ነው እንጂ። እናትየዋ ድስት እሳት ላይ ተጣደች። አራሶቹ ድንኳኑ ውስጥ ገቡ። ሕፃናቱ ሁሉም በአንድ ጊዜ በሉ።

ከሩቅ የመጡ ረጂዎች መኪናቸውን አቁመው ወረዱ። ኪሱ የበዛ ሰደርያ የለበሰ አንድ ወጣት ሁሉንም ዞሮ አየና ተደነቀ። "አስተባባሪው ማን ነው?" አለው ፈለቀን።

"ሟቿ ናት" አለ ፈለቀ።

"ይቅርታ?"

"ሟቿ። ያቻት፣ ትልቁን ድስት የምታማስለው።"

ወጣቱ ማሚቱን አየ፤ ፈለቀን አየ፤ ጥሩምባውን አየ። ከዚያ በቅርቡ ተመልሰን እንመጣለን ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ። ነገሩ ለበላይ አካል የሚገለጽ አልሆነለትም መሰለኝ።

ሦስተኛው ቀን ደረሰ። ደመላሽ ካስማ የሚነቅሉ ወንዶች አስከትለው መጡ። ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። ድንኳኑ ውስጥ ሰው እንደ ጤፍ ሞልቷል። ደመላሽ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ብለው ለቅሶውን ለመዝጋት ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ፣ እንደ ወጉ መጀመሪያ የሟች ቤተሰብ መጠየቅ ስላለበት፣ "ሐዘንተኛው ማን ነው?" አሉ።

"እኔ ነኝ" አለች አልጋነሽ ከመሐል ተነስታ።

"ለሟች ምኗ ነሽ?"

"እህት ነኝ።"

"ዘመድ ሁሉ ደርሷል?"

"አልደረሰም፣ ጌታዬ። ወንድሜ ከነሚስቱ መንገድ ላይ ነው። አማቴ መንገድ ላይ ናት፤ እሷ አሮጊት ናት፤ በእግሯ ነው የምትመጣው።"

ደመላሽ ወደ ማሚቱ ዞሩ። ማሚቱ ሟች ናትና አትናገርም፤ ደንቡን አክብራ አንገቷን ደፍታ ድስቷን ታማስላለች፤ ብቻ ማማሰያው ፈጠን ብሏል። አልጋነሽን ማን እንዳስጠናት ደመላሽ አልጠፋቸውም። መልስ የሰጠው ግን ካስማ ሊነቅሉ ከመጡት ወንዶች አንዱ ነው፤ ስንት ለቅሶ ላይ ማሚቱ ካስማው ላይ ቁጭ ብላ ከሥራ ያስቀረችው። ዶማውን ጣለና፣ "ዘመድ መንገድ ላይ እያለማ አይነቀልም፣ ጋሼ" አለ።

እውነትም ዘመዱ መንገድ ላይ ነበር። ገመቹ አይሱዙውን ባመጣ ቁጥር የሚወርደው ሁሉ የማሚቱ ሩቅ ዘመድ ሆነ። ፈለቀ መጀመሪያ ለቀልድ ነበር ጥሩምባውን አንስቶ "ሩቅ ዘመድ ደረሰ!" ያለው። ልማድ ልማድ ነውና ድንኳን ውስጥ የተቀመጠው እድርተኛ ብድግ ብሎ ለቅሶውን እንደ አዲስ ጀመረ። የመጡትም እግራቸው መሬት ሲነካ ጮኹ። ለቅሶ ቤት ሁሉም የየራሱን ነው የሚያለቅሰው ይባላል። እነዚህ ሰዎች ያለቀሱበት ድንኳን አልነበራቸውም፤ የሞተባቸውን ቁጭ ብለው ሳያለቅሱ ነው የሮጡት። እዚህ ሲደርሱ አንድ ከተማ ቆሞ ጠበቃቸው። ስሟን በማያውቋት፣ ከዚያም በላይ ባልሞተች ሴት ስም ሟቾቻቸውን አለቀሱ። ከዚያ በኋላ ፈለቀ ሲነፋ መቀለዱን ተወ። ደመላሽም አንድ ቀን አግዳሚው ላይ ተቀምጠው መነጽራቸውን አውልቀው ሲያለቅሱ ታዩ፤ ማንን እንደሚያለቅሱ አልተናገሩም።

እንዲህ እየተባለ የሦስት ቀኑ ድንኳን ክረምቱን ወደ መጨረሱ ደረሰ። እናትየዋ ከእሳት ስለማትወርድ እንደ ከሰል ጠቆረች። ማሚቱ ሲብስባት ሌባ ጣቷን በነጠላዋ ጠቅልላ ትይዘው ነበር። ኋላ የረጂዎቹ ሸራ፣ ድስትና ዱቄት ሲመጣ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ንፋስ ተነሳና ያረጀውን ድንኳን ከካስማው ነቅሎ አጥሩ ላይ ሰቀለው። ጨርቁ ተሰብስቦ እቃ ቤት ገባ። "ይነሳ" ያለ ሰው የለም፤ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ያለም የለም።

ማሚቱ በሕይወት ያለች ሟች ሆና ኑሮዋን ቀጠለች። በየወሩ መዋጮዋን ይዛ ትሄዳለች፤ ገንዘብ ያዡ "ከሟች አንቀበልም፣ እትዬ" ብሎ ይመልሳታል። በስብሰባ ቀን ከውጭ በመስኮት ታዳምጣለች። የሰፈሩ ቀልደኛ ሁሉ "የሞተ ተጎዳ" እያለ ይስቅባታል፤ እሷም አብራ ትስቃለች። ቤቷ ስትገባ ግን አትስቅም። አንድ ቀን ለሀዲጃ፣ "ማን ይቀብረኝ ይሆን?" አለቻት።

"እኔ እቀብርሻለሁ" አለች ሀዲጃ።

"የት? እናንተ መቃብር?"

"ምን አለበት? ቅመም ቅመም እየሸተተሽ ትተኛለሽ።"

ሁለቱም ሳቁ።

በሁለተኛው ዓመት ሰዎቹ ወደ ማዶ ተመለሱ። አልጋነሽ የገመቹ መኪና ላይ ወጥታ፣ "እህቴ፣ ስትጠሪኝ እመጣለሁ" አለቻት። ማሚቱ፣ "ሂጂ፣ ቤትሽን አቅኚ" ብላ እጇን አወናጨፈች። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የጀመራት ስኳር በሽታ እግሯን ይዟት ነበር፤ መኪናው ከዓይን እስኪጠፋ ግን ቆማ ሸኘቻት። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ፣ ዝናብ በሚያንባርቅበት ከሰዓት በኋላ፣ ማሚቱ ሞተች። ዓይኗን የከደነችላት ሀዲጃ ናት።

ፈለቀ ጥሩምባውን በነጠላው ሥር ይዞ ደመላሽ ቤት ደረሰ። "ልንፋ ወይስ አልንፋ?" አለ። ደመላሽ ኮሚቴውን አስጠሩ። ቁልፉ ከዚያን ቀን ጀምሮ እሳቸው ዘንድ ነው። ገንዘብ ያዡ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ "እኔም ያሳዝነኛል፤ ግን አንድ ሰው አንድ ቀብር ነው። እርስዎ ራስዎ ነዎት ያሉት" አለ።

"ብያለሁ። ልክም ነው" አሉ ደመላሽ። መነጽራቸውን በካፖርታቸው ጫፍ ጠረጉ፤ አጠለቁ፤ ደግመው አወለቁ። "አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። የማሚቱን ለቅሶ ማን ዘጋው?"

ሰው ተያየ።

"ድንኳኑን የጣለው ንፋስ ነው። ሰብሳቢው እኔ ነኝ፤ እኔ 'እግዚአብሔር ያጽናችሁ' ብዬ አላሰናበትኩም። ለምን? ዘመድ መንገድ ላይ ነው ስለተባለ። ስለዚህ ያ ለቅሶ እስከ ዛሬ ክፍት ነው። ሁለተኛ ቀብር የጠየቀ የለም።"

"ታዲያ ያልደረሰ ዘመድ ማን ቀረ?" አለ ገንዘብ ያዡ።

"እሷ ናት" አሉ ደመላሽ። "ሁሉም ደርሶ እሷ ብቻ ነበረች የቀረችው። ዛሬ ደረሰች። ፈለቀ፣ ንፋ!"

ፈለቀ ነፋ። በዚህኛው ጊዜ ምን እንደሚል አልቸገረውም። ድንኳኑ በረጂዎቹ ሸራ ተጥፎ ተተከለ፤ ሰው ቅጣት ሳይነገረው ወጣ። በሦስተኛው ቀን ደመላሽ "ዘመድ ሁሉ ደርሷል?" ብለው ሲጠይቁ ሀዲጃ ከሴቶቹ መሐል፣ "አልደረሰም!" አለች። ድንኳኑ ቆየ። ከዚያ የገመቹ አይሱዙ በጭቃ ተለውሶ መጣ፤ አልጋነሽና ሌሎች ብዙ ሴቶች ቆጮ ተሸክመው ወረዱ፤ ሕዝቡም ብድግ ብሎ አለቀሰ። ደመላሽ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ያሉት ከዚያ በኋላ ነው።

እቃው ወደ እቃ ቤት ሲመለስ በሩ ላይ የቆሙት እሳቸው ናቸው። ሁለት ሴቶች እናትየዋን ተሸክመው መጡ። ሰው ደክሟል፤ ዝናቡም ሊመጣ ነው። ደመላሽ ድስቷን ገለበጧት፤ ሌባ ጣታቸውን ከሥሯ አሳለፉና ወደ ብርሃን አነሱት። ትንሽ ጥላሸት ነክቶታል።

"ይመለስ" አሉ።

ሴቶቹ ድስቷን ተሸክመው ወደ ውኃው ተመለሱ።